ሀዋሳና ላንጋኖ፦ አንድ የቤተሰብ ዕረፍት ለሁለት ሪዞርት እንዴት ይከፈላል?

ስድስት ሌሊት አላችሁ እንበል። ልጆች አሉ፣ ምናልባት አያትም አብረው ይሄዳሉ። ስድስቱንም ሌሊት አንድ ሪዞርት ማደር ይቻላል፤ ግን በአራተኛው ቀን ልጆቹ ገንዳው ይሰለቻቸውና ስልክ ላይ ይለጠፋሉ፣ ከሜኑው ላይም ያልተበላ ነገር አይቀርም። ሦስት ቦታ ማዳረስ ደግሞ ዕረፍት አይባልም፤ ሻንጣ ስትከፍቱና ስትዘጉ ሳምንቱ ያልቃል። ሁለት ቦታ ልክ ነው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው የትኞቹን ሁለት ሪዞርቶች ልምረጥ በሚለው ነው። እኔ ግን ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ የትኛው ይቅደም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትዛወሩበት ቀንስ ከሳምንቱ የትኛው ይሁን የሚለው ነው። ብሩም ምቾቱም የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ይሄ ጽሑፍ ከአዲስ አበባ በራሱ ወይም በኪራይ መኪና ለሚወጣ ቤተሰብ ነው። ምሳሌዬ ሀዋሳና ላንጋኖ ናቸው። ቢሾፍቱ ለምን ቀረች የሚል ካለ፣ ቢሾፍቱ ከከተማው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነች ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻዋን ትበቃለች፤ የዓመት ፈቃድ አይባክንባት።

መጀመሪያ፦ ሁለቱ ቦታዎች አይመሳሰሉ

ሁለቱም ጋ ገንዳ፣ ቡፌና ሳር ላይ የተደረደረ ወንበር ብቻ ከሆነ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ ማለት ነው። ሀዋሳና ላንጋኖ የሚጣመሩት በጣም ስለሚለያዩ ነው። ሀዋሳ ከተማ ናት። ከሪዞርቱ በር ስትወጡ አስፋልት፣ ባጃጅ፣ ማኪያቶ፣ ፋርማሲና ሆስፒታል አለ። ኃይሌ ሪዞርትም ሌዊም ሐይቁ ዳር ናቸው፤ ምግቡ ቢሰለቻችሁ ግን ውጭ ወጥቶ መብላት የአምስት ደቂቃ ነገር ነው። ላንጋኖ ላይ እንዲህ ያለ አማራጭ የለም። ሳባናም ሆነ አንጋፋው በቀለ ሞላ ከዋናው መንገድ ገባ ብለው ሐይቁ አፍ ላይ ነው ያሉት፣ ከግቢው ውጭ የሚኬድበት ነገር እምብዛም ነው። የምትበሉትም የምትጠጡትም እዚያው ነው። ስለዚህ አንዱ ወዲያ ወዲህ የምትሉበት፣ ሌላው የምትዘረጉበት ይሆናል።

ሌላው ልዩነት ውሃው ነው፣ ለልጆች ደግሞ ትልቁ እሱ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ይታያል፣ በጀልባ ይኬድበታል፣ ዓሳው ይበላል እንጂ አይዋኝበትም፤ ጉማሬም አለበት፣ ቢልሃርዚያውም ያሰጋል። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ ሰው ለዋና የሚሄድበት ሐይቅ ነው። ቀለሙ ሻይ በወተት ይመስላል፤ ልጆቹ መጀመሪያ ሲያዩት "ይሄ ቆሻሻ ነው" ሊሉ ይችላሉ። ቆሻሻ ሳይሆን በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር መሆኑን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሩቁ ይቅደም

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላንጋኖ እዚያው መንገድ ላይ 200ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። መጀመሪያ ላንጋኖ እንረፍና ቀጥለን ሀዋሳ እንግባ ማለት ቀና ይመስላል። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የምመክረው። ረጅሙን መንገድ ሁሉም ሰው ጉልበትና ጉጉት ባለው በመጀመሪያው ቀን ጨርሱት፤ በመመለሻው ቀን፣ ያኔ ብሩም ትዕግሥቱም ባለቀበት ሰዓት፣ የሚቀራችሁ አጭሩ ይሁን። ደግሞ ልጆች ሐይቅ ውስጥ ሲዋኙ ከርመው ከዚያ አይዋኝበትም የተባለ ሐይቅ ዳር ብታመጧቸው ሀዋሳን ይጠሏታል። ሀዋሳ ከቀደመች ግን "ላንጋኖ ስንደርስ" እያላችሁ ሦስት ቀን ሙሉ ታስታርቋቸዋላችሁ።

አንድ ሁኔታ ይሄን ይለውጠዋል። ረጅም መቀመጥ የማይችሉ አዛውንት ወይም አራስ ልጅ ካለ ላንጋኖ ይቅደም፤ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ ያሳርፋቸዋል።

መዛወሪያው እሁድ ይሁን

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ላንጋኖ የሚሞላው አርብ ማታና ቅዳሜ ነው። አዲስ አበቤው አርብ ከሥራ ወጥቶ ይገባል፣ እሁድ ከምሳ በኋላ ይወጣል። ከእሁድ ማታ እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ ጸጥ ያለ ነው፣ ሐይቁ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ይገኛል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ባይል እንኳ ለመደራደር ፊት ይገኛል። ሀዋሳ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሆቴሎቹን የሚሞላው የመሥሪያ ቤትና የድርጅት ስብሰባ፣ ሥልጠናና ዎርክሾፕ ነው። ቁርስ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ሰልፍ ይዞ፣ እንቁላል ጠባሹ ጋ ለመድረስ ልጅ አቅፋችሁ መቆም የሚያስደስት ነገር አይደለም። ቅዳሜ ሰርግ ሊኖር ይችላል፣ ሙዚቃው ያመሻል፤ ሰርጉን ግን ልጆች እንደ ትርኢት ያዩታል።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ከአዲስ አበባ ውጡ፣ ሐሙስን፣ አርብንና ቅዳሜን ሀዋሳ እደሩ፣ እሁድ ተዛወሩ፣ እሁድን፣ ሰኞንና ማክሰኞን ላንጋኖ አድራችሁ ረቡዕ ተመለሱ። ፈቃድ የምትወስዱት አምስት የሥራ ቀን ነው። አራት ሌሊት ብቻ ካላችሁ አርብ ውጡና ሁለት ሁለት አድርጉት። ሦስት ሌሊት ከሆነ አትከፋፍሉት፣ አንዱን መርጣችሁ ተቀመጡ። አንድ ሌሊት ብቻ የሚታደርበት ሪዞርት ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ክፍሉን የምትረከቡት ስምንት ሰዓት ላይ፣ የምታስረክቡት በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ ግማሹ ደግሞ እንቅልፍ ነው።

ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያ እዩ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሀዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነው፣ ከየአገሩ ሰው ይመጣል፣ አልጋ አይገኝም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም ከተማዋን ይሞላታል፤ ቀኑን የሚወስኑት የሲዳማ አባቶች ኮከብ አይተው ስለሆነ በየዓመቱ ይለያያል፣ ለሆቴሉ ስትደውሉ አብራችሁ ጠይቁ። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ ደስ የሚል ነው፣ ዘና ማለት ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ሳምንት ይሻላል። የምትወጡት መስከረም መጨረሻ አካባቢ ከሆነ ደግሞ የቢሾፍቱ ኢሬቻ መንገዱን እንደሚያጨናንቀው አስቡ።

ስልክ ስትደውሉ

መጀመሪያ ላንጋኖን ያዙ፣ ቀጥሎ ሀዋሳን። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሀዋሳ አንዱ ቢሞላ ሌላ አለ፣ ላንጋኖ ግን ምርጫው ጠባብ ነው። ሁለቱም "አለን" ሳይሉ ለአንዳቸውም ቀብድ አትላኩ። የምትጠይቁት ይሄን ነው፦

የነገሩን ዋጋ ተእታንና ሰርቪስ ቻርጅን ይጨምራል ወይ? 15 በመቶና 10 በመቶ ተደምረው ሲመጡ በስድስት ሌሊት ላይ ቀልድ አይደሉም፤ አንዱ ሆቴል ከነታክሱ፣ ሌላው ያለታክሱ ነግሯችሁ "ይሄኛው ይረክሳል" ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ልጅ እስከ ስንት ዓመቱ በነጻ ነው? ቁርሱስ? ተጨማሪ አልጋ ስንት ነው፣ አልጋው እውነተኛ አልጋ ነው ወይስ ፍራሽ? ሞግዚት ወይም አያት አብረው ካሉ ሁለት ክፍል ጎን ለጎን እንዲሆን አሁኑኑ ይመዝገብ፤ ደርሶ መለመን ከባድ ነው።

ቀብዱ ምን ያህል ነው፣ ብንቀርስ ይመለሳል? መልሱን በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ጽፈው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሆቴል ሲሆን አንዱ ቀን ሲገፋ ሌላውም ይገፋልና ቀን መቀየር ይቻላል ወይ የሚለው ከስረዛው በላይ ያስፈልጋችኋል።

ጾም ካለ ስለ ቁርሱ ተነጋገሩ። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በነሐሴ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፍልሰታ ነው፣ ረቡዕና አርብ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ሁልጊዜ አለ። ቁርስን የጨመረ ዋጋ ከፍላችሁ አዋቂው ሁሉ እስከ ቀትር ሳይበላ ቢውል ትርፉ የሆቴሉ ነው። "ቁርሱን በምሳ ቀይሩልን" ብትሉ የሚስማሙ አሉ፣ ካልሆነ ያለቁርስ ዋጋ ጠይቁ። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቼዋለሁ። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ ሀዋሳ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት አታጡም፤ ላንጋኖ ላይ ግን ሌላ የሚኬድበት ስለሌለ የሙስሊም ሥጋ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ላንጋኖን ለብቻው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ወይ፣ ሙቅ ውሃስ በስንት ሰዓት አለ ብላችሁ ጠይቁ።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጡ ዘመዶች አብረዋችሁ ካሉ አንድ ጉዳይ ይጨመራል። የውጭ ፓስፖርት የያዘን ሰው በዶላር ተመን የሚያስከፍሉ ሪዞርቶች አሉ። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላቸው በነዋሪ ዋጋ ይስተናገዱ እንደሆነ በስልክ ጠይቁ፣ ካርዱም ቤት እንዳይረሳ። መታወቂያ ለሁሉም አዋቂ ያስፈልጋል።

ሻንጣው

እዚህ ላይ ትንሽ ብልሃት ብዙ ድካም ያስቀራል። ሻንጣን በሰው አትከፋፍሉ፣ በቦታ ከፋፍሉ። አንዱ የሀዋሳ ሻንጣ ነው፦ የከተማ ልብስ፣ መራመጃ ጫማ፣ የማታ ሹራብ። ሌላው የላንጋኖ ነው፦ ቁምጣ፣ የዋና ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ካርታ ወይም ገበጣ፣ መጽሐፍ፣ ብስኩት። የላንጋኖው ሻንጣ እስከ እሁድ ድረስ ከመኪናው አይወርድም። ሦስተኛ፣ ትንሽ ቦርሳ ለእሁድ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅያሪ፣ የዋና ልብስ፣ ፎጣ፣ ውሃ፣ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ክሬም፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒት። ሀዋሳ ገንዳ ውስጥ ለመዋኘት አንድ ተጨማሪ የዋና ልብስ ያስፈልጋል፣ እርጥቡን የሚይዝ ፕላስቲክ ከረጢትም።

ሁለቱም ቦታ ወባ አለ። የትንኝ መከላከያ ቅባትና እጀ ሙሉ ልብስ ለምሽት ያዙ፤ ክፍሉ አጎበር ያለው መሆኑንም ጠይቁ፣ ከሌለው ከቤት ውሰዱ። መድኃኒት፣ ዳይፐርና የሕፃን ወተት ከሀዋሳ ሳትወጡ ግዙ። ላንጋኖ ላይ ለአንድ ፓራሲታሞል መኪና አስነስቶ ነገሌ አርሲ ድረስ መሄድ ይመጣል።

መንገዱና ሀዋሳ

ነዳጅ አዲስ አበባ ሙሉ፤ መንገድ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በቅርቡ የተመላለሰ ሰው ወይም ሆቴሉን ጠይቁ፣ ሲመሽ አትንዱ። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከወጣችሁ እስከ ሞጆ፣ ከዚያም እስከ ባቱ በፍጥነት መንገድ ትነጉዳላችሁ። ከባቱ ወዲያ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ ነገሌ አርሲ፣ ሻሸመኔ ነው፤ የአህያ ጋሪ፣ ከብት፣ ባጃጅና ድንገት የሚሻገር ልጅ አለ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ። ቁርስ ባቱ ላይ ብትበሉ ሀዋሳ ለምሳ ትደርሳላችሁ። ክፍሉ እስከ ስምንት ሰዓት ላይሰጥ ስለሚችል ሻንጣውን ሪሴፕሽን አስቀምጡና አሞራ ገደል ሂዱ።

አሞራ ገደል የዓሳ ገበያው ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ይደምቃል፣ እስከ ምሳም ይቆያል። ቆሮሶ ጥብስ፣ የዓሳ ሾርባ፣ ደፋር ከሆናችሁ ጥሬው ከዳጣ ጋር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትራፊ ፍለጋ በሰው መሀል እንደ ሽማግሌ ይንጎራደዳሉ፣ ልጆች ከዚህ በላይ የሚስቁበት ነገር የለም። ጦጣዎቹ ግን ከልጅ እጅ ምግብ ይነጥቃሉ። ለጀልባ ሳትሳፈሩ ዋጋውን በሰው ሳይሆን በጀልባ ተስማሙ፣ ለሁሉም ልጅ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ከሌለ አትውጡ፣ ጉማሬ ጋ "ጠጋ በልልን" አትበሉ። ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር በእግር፣ አንድ ጠዋት ታቦር ተራራ ላይ። ሌላውን ለራሳችሁ ልተው፣ ሀዋሳ አስጎብኚ የምትፈልግ ከተማ አይደለችም።

እሁድ

ብዙ ቤተሰብ የመዛወሪያውን ቀን እንደጠፋ ቀን ያየዋል። በሁለቱ ሆቴሎች መካከል ያለው መንገድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ እና መሀሉ ላይ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በደንብ ከተያዘ ልጆቹ ከሁሉ በላይ የሚያወሩት ስለዚህ ቀን ነው።

ሥራው ቅዳሜ ማታ ይጀምራል። ሂሳቡን ቅዳሜ ማታ ዝጉ ወይም ቢያንስ አሳትሙና መስመር በመስመር አንብቡት፤ ልጆች በክፍል ቁጥር ያዘዙት ጁስ፣ ሰው የጠጣው የሚመስል ከፍሪጅ የወጣ ውሃ፣ የላውንደሪ ሂሳብ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይገኛል። ጠዋት ላይ ልጅ እጃችሁን እየጎተተ የምትከራከሩት ክርክር አያምርም። ሻንጣ ማታ ይዘጋ፣ የእሁዱ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ክፍት ይቅር። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ካለ በጠዋት ደርሶ ይመለስ፤ ቁርስ በልታችሁ አራት ሰዓት ላይ ውጡ። ስድስት ሰዓት ድረስ ክፍሉ የኛ ነው ብላችሁ አትዘግዩ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው መኪናም ይበዛል።

ከሻሸመኔ ሁለት ምርጫ አለ። ወደ ቀኝ ብትታጠፉ ወንዶ ገነት ነው፣ ፍል ውሃውና ደኑ። ቀጥታ ብትሄዱ ነገሌ አርሲን አልፋችሁ የአብያታ ሻላ ፓርክ በር በስተግራ ታገኛላችሁ። ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሩ። ከላንጋኖ በፊት ሌላ መዋኛ ስለማያስፈልግ እኔ ፓርኩን እመርጣለሁ፤ አያት ወገባቸውን ካመማቸውና ፍል ውሃ ከናፈቁ ግን ወንዶ ገነት ያሸንፋል።

ፓርኩ በር ላይ የመግቢያ ከፍላችሁ አስጎብኚ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ሰጎንና ሚዳቋ ከበሩ ብዙም ሳትርቁ ታያላችሁ፣ ሕፃን የያዘ ከመኪና ሳይወርድ ያያል። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ጥልቁ ነው፤ ከላይ ሆናችሁ ሁለቱን ሐይቆች ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ዳሩ ላይ ያለው ፍል ውሃ በቆሎ የሚቀቀልበት ዓይነት ትኩስ ነው፣ እጅ የተያዘ ልጅ ብቻ ነው የሚጠጋው። አብያታ ባለፉት አሥርት ዓመታት ውስጥ እጅግ ሸሽቷል፣ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲወሰድ ኖሯል፤ ስለዚህ "ፍላሚንጎ እናያለን" ብላችሁ ለልጅ ቃል አትግቡ፣ ካያችሁ ትርፍ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ጥላ የለም፣ ባርኔጣና ውሃ ይዛችሁ ውረዱ።

ሰባት ሰዓት ላይ ከፓርኩ ብትወጡ የላንጋኖው መገንጠያ ቅርብ ነው፣ በቀኝ በኩል። ሪዞርቱ ስትደርሱ የአዲስ አበባው ሰው ሂሳብ እየከፈለ ይሆናል። ክፍላችሁ ገና እየተጸዳ ነው ቢሏችሁ አትቆጡ፤ ሻንጣውን አስረክቡ፣ ምሳ እዘዙ፣ ልጆቹን ከትንሹ ቦርሳ የዋና ልብስ አልብሳችሁ ወደ ውሃው ልቀቋቸው። ለዚህ ነው ያ ቦርሳ ለብቻው የታሰረው። ስትመዘገቡ ደግሞ "ሐይቁ ፊት ለፊት የተለቀቀ ክፍል አለ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ እሁድ ከሰዓት መልሱ "አለ" የሚሆንበት ዕድል ሰፊ ነው።

ላንጋኖ

እዚህ ፕሮግራም አታውጡ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ሐይቁ ማዕበል ያወጣል፤ ስለዚህ ዋናው ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት ገንዳ፣ ካርታና እንቅልፍ። የውሃው ቀለም ደግሞ ከላይ ስለማያሳይ ልጅ ቢሰምጥ አይታይም፤ ከወገቡ በላይ እንዳይገባ፣ አንድ አዋቂ በየተራ ስልኩን አስቀምጦ ዳር ይቁም። ተራው የማን እንደሆነ ስም ጠርታችሁ ተስማሙ፣ "ሁላችንም እያየን ነው" ማለት ማንም አያይም ማለት ነው።

ማክሰኞ ማታ ሂሳቡን እንደ ሀዋሳው ዝጉ። ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ጿሚዎች ቁርስ አይጠብቁም፣ ልጆቹን አብልታችሁ ሦስት ሰዓት ላይ መውጣት ትችላላችሁ። በፍጥነት መንገዱ ሳይሆን በአሮጌው ከሄዳችሁ መቂ አካባቢ መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ይሸጣል፣ ባቱ ላይ ዓሳ አለ፤ ዓሳ የምትገዙ ከሆነ ማቀዝቀዣ ሳጥንና በረዶ ከላንጋኖ ይዛችሁ ውጡ፣ አለበለዚያ ይቅርባችሁ፣ መኪናው ለሳምንት ይሸታል። የፍጥነት መንገዱን መግቢያ ትኬት አትጣሉት፣ መውጫው ላይ ትጠየቃላችሁ። በዚህ ሰዓት ከወጣችሁ የአዲስ አበባ የማታ ትራፊክ ሳይጀምር ቱሉ ዲምቱን አልፋችሁ ከተማ ትገባላችሁ።